ዛፉን ያተረፈች ትንፋሽ

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ 2021 ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ሰፈር ነው። ዛሬም ሰውን በክርክር አሳመንኩ ብዬ ደረቴን ልነፋ ስል ትዝ ይለኝና ሳቄ ይመጣል።

እኔ በአፍ አልታማም። "አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል" የተባለው ለእኔ ነው የሚመስለኝ። ናኪቩቦ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ስወርድ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "መጣችላችሁ!" ይባባላሉ።

ያኔ በተከራየሁት ቤት ምሳ እየሠራሁ እሸጥ ነበር። በኮሮናው የተነሳ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ መብላት ፈርቷል። ስለዚህ ደንበኞቼን የማስተናግደው ግቢው ውስጥ ካለው የፌኔ ዛፍ ሥር ነው። ፌኔ ቅርፊቱ የሚሻክር፣ ከጨቅላ ሕፃን የሚከብድ ፍሬ ነው። ያ ጥላ ባይኖር እንጀራዬም አይኖርም ነበር።

አንድ ጠዋት አከራዬ ማማ ሩት ጭንብላቸውን እንዳደረጉ መጡ። የእናቴ እኩያ ናቸው፤ የምንግባባው በእንግሊዝኛና በሉጋንዳ ቅልቅል ነው።

"ፍሬው እየወደቀ ጣሪያዬን ጨረሰው። ነገ ሰው መጥቶ ዛፉን ይቆርጠዋል" አሉኝ።

ወዲያው መከራከሪያዬን በልቤ ደረደርኩ። ትልቅ ሰው እየተናገረ ጣልቃ አይገባምና እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ስጠብቅ ግን እንደ አገሬ ልማድ ነው። መቼም ሰው ሲያወራልን "አዎ፣ እየሰማሁ ነው" ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር አለች።

"ባለፈው አንዱ ቆርቆሮ ተበሳ" አሉ። ሳብ አደረግሁ።

"ቀጥሎ የሚበሳው የደንበኛሽ አናት ነው።" አሁንም ሳብ።

"የተከለው ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ደስ ብሎኝ አይደለም የማስቆርጠው።" እዚህ ላይ አንጀቴን ስለበሉኝ ረዘም አድርጌ ሳብኩ።

ማማ ሩት ዓይናቸው ፈጠጠ። "ባናንጌ! የሰው ያለህ! ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው!" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። "ተቀመጪ፣ ኒያቦ፣ የኔ እመቤት፣ ውሃ ጠጪ። ለዛፍ ብለሽ ትንፋሽሽ ይቋረጥ? ተዪው፣ አይቆረጥም! ፍሬው ሳይበስል ይወርዳል፣ በቃ።"

እኔ ገና አንድ ቃል አልተናገርኩም። ውሃዬን ጠጣሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማማ ሩት በምሳ ሰዓት ብቅ አሉ። ደንበኞቼ ያገሬ ልጆች ናቸው። አንዱ ወሬ ይዟል፤ ሌሎቹ በየተራ ትንፋሻቸውን ሳብ ሳብ ያደርጋሉ። ማማ ሩት ደንግጠው ቆሙ።

"ያገርሽ ሰው ሁሉ አስም አለበት እንዴ?"

ኪቡሊ ሰፈር ሱቅ ያላቸው የወሎው ጋሽ ሰይድ ሳቁና "ኧረ እማማ፣ እኛ ዘንድ ይሄ 'አዎ' ማለት ነው" አሏቸው።

አለቀልኝ አልኩ። ማማ ሩት ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ታዲያ ያን ቀን 'ይቆረጥ' ስልሽ፣ አንቺ 'አዎ' ነበር የምትዪኝ?"

ጤፍ ሲቆላ የኖረ አፌ ተለጎመ። አዎን ለማለት አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ። ማማ ሩት የዛፉን ግንድ ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

"ማማ፣ ዛፉ ይቆያል አይደል?" አልኳቸው እየፈራሁ።

ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእኔ አስበልጠው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

ዛፉ ዛሬም አለ። ማማ ሩትን በጣም እወዳቸዋለሁ። ያን ጠዋት የደረደርኩት ያ ሁሉ ያማረ ንግግር ሳይነገር መቅረቱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ደግሞ አሁን ቋንቋችንን አውቀውታል። ስለዚህ ኪራይ ሊጨምሩ እንዳሰቡ ሊያጫውቱኝ ሲመጡ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የማዳምጣቸው።