ድልሁ ጨው ይቀረዋል

ጓዳዬ ውስጥ ሁለት ድልህ አለ። አንዱ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ክዳኑ ቀይ፣ ወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የበርበሬ ሥዕል ያለበት አጭር ጠርሙስ። ሌላው እናቴ የላከችው ነው፤ አፏ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ። ጠዋት ስነሳ ፊቴን እንኳን ሳልታጠብ የማሰሮዋን ጨርቅ ፈትቼ ውስጧን አያለሁ። ነጭ ነገር እንዳላይ እየፈራሁ ነው የማየው። ከዚያ መልሼ አስራትና ወደ ማስተምርበት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ድልህ፣ ለማያውቀው ሰው፣ ቀይ በርበሬ ሳይደርቅ በእሸቱ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ፣ በቅመምና ሻጋታ በሚከላከልለት ጨው ታሽቶ፣ ማሰሮ ውስጥ ከርሞ የሚበላ ነገር ነው። የእናቴ ድልህ አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ከጉሮሮ ይነሳና ጆሮ ድረስ ያቃጥላል፤ እንባ ያመጣል፤ ደግሞ ሌላ ጉርሻ ያስመኛል። የሱቁ ገና ክዳኑ ሲከፈት ኮምጣጤው አፍንጫን ይመታል። ስኳር ይሁን ምን እንጃ የሚጣፍጥ ነገርም አለበት። ስለ ሱቅ ድልህ ያልተናገርኩት ክፉ ነገር የለም። ቀለም ነው ብያለሁ፣ የበርበሬ እጣቢ ነው ብያለሁ። ባለቤቴ "ጠርሙሱ ምን በደለሽ?" እያለ ይስቅብኛል። ልጃችን ግን የምትወደው የሱቁን ነው። "የአያቴ ያቃጥላል" ትላለች፣ እንዳያቃጥል ተብሎ የተሠራ ይመስል። የሚያናድደው ደግሞ ጠርሙሱን ከሱቅ የምገዛላት እኔው መሆኔ ነው።

እኛ የምንኖረው መካነ ሰላም ነው። እናቴ ከአቀስታ ወጣ ብሎ ባለ ብርዳም ደጋ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። እሸት በርበሬ ከቆላ ወደ እነሱ ገበያ የሚወጣው በኅዳር፣ የገና ጾም ሲገባ ስለሆነ ድልህ ሁልጊዜ በጾም ነው የሚሠራው። የሚሠራው ደግሞ በጠዋት ነው። ጾመኛ ከሰዓቱ በፊት ምላሱ ላይ ምንም አያሳርፍም፤ ስለዚህ እናቴ ድልህ ስትሠራ ቀምሳ አታውቅም። በአፍንጫዋ ነው የምትሠራው። ጨው ትጨምራለች፣ ታማስላለች፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። የሆነ ጊዜ ላይ ቀና ትልና "ደረሰ" ትላለች። ልጅ ሆኜ ጣቴን ሰድጄ ልልስ ስል "ጾም ነው!" ብላ በማማሰያው እጄን ትመታኝ ነበር።

ዘንድሮም እንደ ወትሮው በሚኒባስ ላከችልን። ተቀብዬ ጓዳ አስቀመጥኳት። ከቀናት በኋላ ጨርቁን ስፈታ ድልሁ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ተነጥፏል። በማንኪያ ገፍቼ ከሥሩ ቀመስኩ። ጨው የለውም። ጨው ያነሰው ሳይሆን የለውም ማለት ይቀላል።

ባለቤቴ "እንኳን እናትሽ፣ ማንም ይረሳል" አለ። እኔ ግን አክስቴ ትዝ አለችኝ። የእናቴ ታላቅ እህት የጀመራት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሊጡን የውኃ እንስራ ውስጥ ደፋችው፤ ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ የሞተ ባሏን እራት አቆየችለት። በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤቷ ጠፋት። ልጇ ደሴ ወስዶ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጣት፤ ደጁ ይቆለፍባት ነበር። ክረምቱን ሳትጨርስ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እናቴ አንድ ስም በረሳች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ደወልኩላት። "እማ፣ ዘንድሮ ድልሁን ጨው አደረግሽበት?"

"ልጅቷ ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት። ጨውን ነው የምጠይቅሽ።"

"አብሽሪ፣ ሌላ እልክልሻለሁ። ልጅቷስ ደህና ናት?"

ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የጠየቀችውን ረሳች ብዬ ፈራሁ። ነገር ለማስቀየር ይሆናል ብዬ ማሰብ እንኳን አልቻልኩም።

በሳምንቱ ሌላ ማሰሮ መጣ። ቀመስኩት፤ ምንም አልጎደለውም። ደስ አለኝ፣ እንጀራ አቅርቤ ሁሉንም ጠራሁ። ልጄ አንድ ጎርሳ ጣቷን ላሰችና "እማዬ፣ ይሄ እኮ የሱቁ ነው" አለች።

"ዝም በይ! የአያትሽ ነው።"

"አያቃጥልም እኮ።"

ቆጣ ብዬ አስነሳኋት። ብቻዬን ስሆን ግን ጠርሙሱን አውጥቼ ሁለቱን አንድ እንጀራ ላይ ጎን ለጎን አደረግኩ። ቀለሙ አንድ ነው። ኮምጣጤው አንድ ነው። መጨረሻ ላይ የምትመጣው ጣፋጭም ያችው ናት። ደግሞስ፣ ሊከርም የሚገባው ነገር እንዴት በሳምንት ደረሰ? ዕድሜዋን ሙሉ የሱቅ ነገር ስትጠየፍ የኖረች ሴት ጠርሙስ ገዝታ ማሰሮ ውስጥ ገልብጣለች። ለምን? ወይ እያታለለችኝ ነው፣ ወይ የራሷና የሱቁ ተቀላቅለውባታል። ማታለሏን ብመርጥ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ግን አታታልልም፤ ስለዚህ የቀረው ሁለተኛው ነው አልኩ።

መንገዱ ሰላም ነው ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ የማይወጣበት ጊዜ ነው። ጠያየቅሁ፣ "ዛሬ ደህና ነው" አሉኝ፣ ማልጄ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ መንገዱን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ እናቴ በር ላይ ቆማ "ማን ልበል?" ስትለኝ ነው የሚታየኝ። አቀስታ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

እናቴ እሳት ዳር ነበረች። ብረት ምጣድ ላይ ቅመም እያመሰች ነው፤ አጠገቧ ሙቀጫው ውስጥ የተወቀጠ በርበሬ አለ። ስታየኝ በስሜ ጠራችኝና ብድግ አለች። በስሜ!

"ምነው በደህና? ባልሽ ደህና? ልጅቷ ደህና? ምነው ሳትነግሪኝ?"

አቅፋኝ፣ ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ። ጀርባዋ ወደ እሳቱ ነው። በትከሻዋ አሻግሬ ምጣዱን አየዋለሁ፤ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ መጨስ ጀምሯል። አሁን ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። ቅመም አንድ ነጥብ ሲያር ከደጅ ሆና "ማነው ያሳረረው!" የምትል ሴት ናት። አልዞረችም። ስለ መንገዱ ትጠይቀኛለች። ጭሱ ጣራውን ነካ፤ ምሬቱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሳልኩ። እሷ "ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?" አለችኝ።

"እማ! ቅመሙ አረረ!"

ዞር አለች። አየችው። ፊቷ ያኔ የሆነውን ነገር አልረሳውም፤ የተያዘ ሰው ፊት ነበር። ምጣዱን በባዶ እጇ ልታነሳ ስትል ገፍቼ አወረድኩት። ከዚያ ሁለታችንም የከሰለውን ቅመም አየን።

"አይሸተኝም" አለች።

"ምኑ?"

"ሁሉም። ክረምት ጉንፋን ጣለኝ፣ አፍንጫዬን ይዞ ሄደ። የእሳቱም፣ የበርበሬውም፣ የእበቱም አይሸተኝም። ዘንድሮ ድልሁን ሳሸት ውኃ ማሽተት ሆነብኝ። የዕለቱ የጾም ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቄ ቀመስኩት፤ ምላሴ ላይ ያለው ጨው ብቻ ነው። ጨው በዛበት ብዬ በርበሬ ጨመርኩ። ደግሜ ብቀምስ ያው ጨው ነው። ደግሜ ጨመርኩ።"

አእምሮዋ አልጠፋም። አፍንጫዋ ነው የጠፋው። ደስታ መጣብኝና መሳቅ ጀመርኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"የሱቁንስ ለምን ላክሽልኝ?"

ወደ አልጋው ሥር አሳየችኝ። ባዶ ጠርሙሶች በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለዋል፤ ክዳናቸው ቀይ ነው። ጣሳ እንኳን ሳትጥል አጥባ የምትጠቀምበት ሴት እነዚህን ደብቃቸዋለች።

"እህቴን እንዴት እንደወሰዷት አይቻለሁ" አለች። "ጨው ረሳች ትላላችሁ። ቀጥሎ ቤቷን ረሳች ትላላችሁ። ከዚያ ወስዳችሁ ትዘጉብኛላችሁ።"

እኔ ለእሷ፣ እሷ እኔን ስንፈራ ነው የከረምነው። "አልወስድሽም" ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ምጣዱ ገና እየጨሰ ነበር። ብቻዋን ናት። እንጨቱ ከምድጃው ወጥቶ ወለሉ ላይ ያለውን ሣር ቢይዘው፣ ጭሱ አልጋዋ ድረስ ቢመጣ፣ አይሸታትም። የጠፋው ፍርሃት በሌላ በር ተመልሶ ገባ። አፌን ዘጋሁት።

እናቴ ምጣዱን ሳይ አየችኝ። "በይ እሺ" አለች። "ይቺን እንሥራት። የምታሸቺልኝ አንቺ ነሽ። ይዘሻት ሂጂ። ማሰሮዋ ከሻገተች መጥተሽ ውሰጂኝ፣ አንድ ቃል አልናገርም። ካልሻገተች እዚሁ ተዪኝ።"

አዲስ ቅመም እኔ አመስኩ፤ እሷ ወቀጠችው። በርበሬው ውስጥ ጨመርነው። ጨው አደረገች፣ አማሰለች፣ ከዚያ ማማሰያውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋች። "ደረሰ?"

አሸተትኩ። በርበሬ ሸተተኝ። ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ደረሰ የሚባለው ግን የቱ ነው? ያን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ በማማሰያ ስመታ፣ እሷ ጎንበስ ስትል ምን እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም። "እንጃ፣ እማ" አልኳት።

ማማሰያው እጇ ላይ ቆየ። "እንግዲያው ቅመሺ" አለች።

"ሰዓቱ አልደረሰም። ጾም ነው።"

"አፍንጫ እንደሌለኝ እግዜር ያውቃል። ቅመሺ።"

ይቺ ሴት ናት በጾም ጣቴን ስለላስኩ እጄን ያሳበጠችው። ከጭሱም፣ ከጠርሙሶቹም፣ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ጣቴን ሰድጄ ላስኩ። የድሮውን ድልህ ምላሴ ላይ ፈለግኩት። የሚመጣልኝ ግን የጠርሙሱ ነው፤ ስንት ጊዜ ገዝቼ ስንት ጊዜ አቅርቤዋለሁ። እናቴ አፌን ታያለች። ክፉኛ ፈርታለች፤ ማማሰያውን በሁለት እጇ ነው የያዘችው።

"ጨው ይቀረዋል" አልኳት።

አንድ እፍኝ ጨመረች። "አሁንስ?"

ደግሜ ላስኩ፤ ጨው ጨው ይላል። "ይቀረዋል።"

አልተጠራጠረችኝም። ሌላ እፍኝ ዘግና በተነችው።

ከመሄዴ በፊት ጎረቤቷን፣ የቁርዓን መምህሩን ባለቤት፣ ጭስ ሲያዩ ብቅ እንዲሉላት ለመንኳቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ፤ እኔም አለሁ" አሉኝ። መረቅኳቸው፣ እሳቸውም መረቁኝ። ቢሆንም እስከ አቀስታ ድረስ ወደ ኋላ እያየሁ ነው የወረድኩት።

ማሰሮዋ አሁን ጓዳዬ ውስጥ ናት። ከጨዉ ብዛት ሁለተኛ ጉርሻ የደፈረ ሰው የለም፤ ባለቤቴ ቀምሶ ውኃ ሲጠጣ አመሸ። ሻጋታም አልደፈራትም። ልጄ የሱቁን ትበላለች፤ ከእንግዲህ ስለ ጠርሙሱ ክፉ አልናገርም። እናቴ በየጊዜው ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ልጅቷ አይደለም።

"ሻገተች?"

"አልሻገተችም።"

"እየበላችሁት ነው?"

"እየበላነው ነው።"

ትናንት ደግሞ "ያው የኔ ነው? የድሮው?" አለችኝ።

"የድሮው ነው፣ እማ" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓዳ ሄድኩና ጠዋት ያየኋትን ማሰሮ ጨርቋን ደግሜ ፈታሁ።