የባለቤቴ ጆሮ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ጥሩነሽ ከመውለዷ በፊት መብረቅ እንኳ ከእንቅልፏ አይቀሰቅሳትም ነበር። ከወለደች ወዲህ ግን ልጃችን ሲያለቅስ ከወንዝ ማዶ ትሰማለች። አዋላጇ አሮጊት፣ "የወለደች ሴት ጆሮዋ ይለወጣል" ቢሉኝ ሳቅሁባቸው።

ወንዱ ልጃችን በአርባ ቀኑ እዚሁ ስማዳ ክርስትና ተነሣ። የጎረቤታችን ሴት ልጅም ሰማንያ ቀኗ የዚያኑ ዕለት ዋለ። ከጥምቀቱ በኋላ በነጠላ የተጠቀለለ ልጄን ተቀብዬ፣ "ቁርጥ እኔን! አፍንጫውን እዩት!" እያልኩ ለዘመድ ሁሉ አዞርኩት።

ድንገት ጥሩነሽ ቀና አለች። "ያ በር ላይ የሚያለቅሰው የኔ ልጅ ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ እኮ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል!"

ዘመድ አዝማዱ ሳቀባት። እሷ መጥታ ነጠላውን ገለጠች።

ቁርጥ እኔን የመሰለው ወንድ ልጄ ሴት ነበረች።