የእሁድ ቆጠራ

የኔትዎርክ ቴክኒሻኑን የሆስፒታሉ ሰዎች «ኬብሉ» ይሉታል። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ደግሞም ከጣሪያ ሥር አይጠፋም። ሥራው ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ማገናኘት ነው።

ብሪጅ የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች። ኔትዎርኩን ለሁለት ትከፍልና ማዶ ጉዳይ የሌለውን መልእክት እዚያው ታስቀራለች፤ ጉዳይ ያለውን ታሳልፋለች። ቦታዋን ለመምረጥ ማን ከማን ጋር አብዝቶ እንደሚነጋገር መቁጠር ግድ ነው። ብዙ የሚነጋገሩ ክፍሎች መሃል አትገባም።

ከሦስት ዓመት በፊት ኬብሉ የቆጠረው እሁድ ነበር፤ ጸጥታው ስለሚመቸው። ላቦራቶሪው እሁድ ዝግ መሆኑ ትዝ አላለውም። ወረቀቱ ላይ ላቦራቶሪውና የሕሙማን ክፍሉ ጭራሽ የሚተዋወቁ አይመስሉም፤ ስለዚህ ሳጥኗን መሃላቸው አስገባት። ሰኞ ረፋድ ላይ የደም ውጤቶቹ እሷ ጋ ተጨናንቀው ቀሩ። ሰባተኛው አልጋ ላይ አንዲት ልጅ ተኝታ ነበር። እናቷ ኬብሉ ሐኪም መስሏት እጁን ያዘችው።

«የኔ ልጅ፣ ውጤቱ መጣ?»

«አሁን ይመጣል፣ እማማ።»

የመጣው አልጋው በአዲስ አንሶላ ከተነጠፈ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ «ቀድሞ ቢመጣም አትተርፍም ነበር» አሉት። ሳጥኗን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት። ከዚያ ወዲህ ግን ውጤት የሚያትመው ፕሪንተር ሲንቋቋ በሰማ ቁጥር የእናትየው ድምፅ ከጀርባው ይመጣል። ዘወር ሲል ማንም የለም።

ዘንድሮ አዲስ ሕንጻ ተጨመረና ኔትዎርኩ ተንቀራፈፈ። አስተዳዳሪው አስጠራው።

«ሳጥኗን መልሰህ ግጠማት። እሁድ ናና ቆጠራውን ጨርሰው። የሚጨቀጭቅህ የለም።»

«ሰኞ ነው የምቆጥረው።»

«ሰኞማ ግርግር ነው!»

«የምፈልገው እሱን ነው፣ ጋሼ።»

ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ላቦራቶሪው ጥግ ቆሞ ቆጠረ። ዋና ነርሷ ስትወጣ ስትገባ አየችው።

«አንተ፣ ምሰሶ ሆነህ ቀረህ እኮ! ፎጣ ላንጠልጥልብህ?»

መቁጠሩን ቀጠለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላቦራቶሪው ወደ ሕሙማን ክፍሉ ሁለት መቶ አርባ መልእክት ሄደ፤ ወደ ቢሮዎቹ ሦስት ብቻ። ወረቀቱን ሁለቴ አየው። መሳቢያውን ከፍቶ ሳጥኗን አወጣና ወደ ቢሮዎቹ በሚወስደው መስመር ላይ ገጠማት። ላቦራቶሪውና የሕሙማን ክፍሉ በአንድ ወገን ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ ሰባተኛው አልጋ አጠገብ ሄዶ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ተኝተውበታል። ፕሪንተሩ ተንቋቋ፤ ነርሷ ወረቀቱን ነጥቃ ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

«የኔ ልጅ፣ ውጤቱ መጣ?» አለ ድምፁ ከጀርባው።

አሁን ግን ዘወር አላለም።

«መጣ፣ እማማ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ፕሪንተሩ እንደገና ተንቋቋ። እናትየውም ከጀርባው እንደገና ጠየቀችው።