በጋቢ ሥር የተገዛ ጥይት

በረሃቡ ጊዜ፣ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ከእኔ የባሰ ፈሪ አልነበረም። ጥላዬ ከኋላዬ ሲከተለኝ እንዲያልፍ መንገድ እለቅለት ነበር። ግን ሚስቴ አራስ ነበረች፤ ቤታችን ውስጥ የገንፎ ዱቄት ካለቀ ሰንብቷል። እህል ተገኘ የተባለው ወረኢሉ ነው። ከወረኢሉ ሲመለሱ ደግሞ ከላላን እንዳለፉ ሽፍታ የሚጠብቀው ገደል አለ። ስለዚህ ሽጉጥ ፈለግሁ።

ከአማቼ፣ ከሚስቴ ወንድም ጋር፣ መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ቤት ሄድን። ሦስት ሽጉጥ ጆንያ ላይ ደረደሩልን።

«ይቺ ጥይቷ ስድስት ነጥብ ሠላሳ አምስት ሚሊ ናት» አሉ ትንሿን አንስተው። «መዳፍ ውስጥ ትደበቃለች። ግን በእኛ ብርድ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቦ የመጣን ሰው ብትተኩስበት፣ ቁንጫ የነከሰው መስሎት ያክካል።»

«ታዲያ ትልቁን ይስጡኛ፣ ጋሼ!»

«እሱ ዘጠኝ ሚሊ ነው። ሰው ያቆማል፤ ግን ይራገጣል። ያልለመደ እጅ ሁለተኛዋን ጥይት ለሰማይ ነው የሚሰዳት። እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ዱቄት የሚነፋ ይመስል ይርገበገባል።

«ለአንተ መካከለኛዋ ናት፤ ሰባት ነጥብ ስልሳ አምስት። ብዙም አትራገጥም፣ ከትንሿም ጠለቅ ትላለች። የሳተ ትልቅ ከመታ ትንሽ አይበልጥም። ጥይቷ ግን እኔ ዘንድ የለም፤ ወረኢሉ ገበያ ፈልግ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ አጭርና ረጅም አለው። የአንተ አጭሩ ነው። እያየህ ግዛ።»

እያየህ ግዛ ማለት ቀላል ነው። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ እየተባለ የሚታሰርበት ሰሞን ነበርና ጥይት የሚሸጥ ሰው ጥይቱን አያሳይም። ሻጭና ገዢ ጋቢያቸውን ያጋጥማሉ፤ ከሥሩ እጅ ከእጅ ይገናኛል፤ በጣት ዳብሶ መቀበል ነው። ዳበስኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሹል ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ገበያተኛው ሁሉ፣ አህያው ሳይቀር፣ የሚያየኝ መሰለኝ። በጨርቅ እንደተቋጠረ ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ሸሸሁ።

ከአማቼ ጋር በበቅሎ ገብስ ጭነን ተመለስን። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጥይቱን ካዝናው ውስጥ ላጎርስ ብል እምቢ አለኝ።

«ምን ሆንክ?» አለ አማቼ።

«ረጅሙን ነው የሰጠኝ።»

«አሥር ጣት ይዘህ አንድ ጥይት መለየት አቃተህ?»

ይኼኔ አጠገባችን ካለ ቋጥኝ ሥር ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ። ገደሉን ለብቻው የፈራ መንገደኛ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው እስኪመጣ ጠብቆ እሱን ተከትሎ መውረድ ያገራችን ልማድ ነው። አንዲት እናት ወገቤ ላይ ያበጠውን አዩ።

«አልሐምዱሊላህ! ባለመሣሪያ መጣልን። ቅደም የኔ ልጅ፣ አብሽር፣ ዱዓ እያደረግን እንከተልሃለን።»

ባዶ ነው ብዬ ልንገራቸው? መካከላቸው የሽፍታ ጆሮ ቢኖርስ? ቀደምኩ። ከእግሬ ሥር የሚንከባለለው ጠጠር አቀስታ ድረስ ተሰማ ብል ውሸት ነው፤ ከላላ ድረስ ግን ይሰማ ነበር።

ገደሉ ግርጌ፣ «ቁም!» አለ አንድ ድምፅ። ጉንጩ የሰረጎደ ሰው ጠመንጃ ደግኖ ከድንጋይ ጀርባ ወጣ።

«ወገብህ ላይ ያለው ስንት ነው?»

ማጋነን የለመደው አፌ እዚህ ላይ ምንም አልጨመረበትም። «ሰባት ነጥብ ስልሳ አምስት» አልኩ።

«ለጉያ ይመቻል። በል ምረጥ፤ ወይ እሱን፣ ወይ በቅሎዋን ከነጭነቷ።»

ሚስቴ ታየችኝ። ሽጉጡን ሰጠሁት። አቀባብሎ አየና ሣቀብኝ። «ባዶ! ጥይቱስ?»

ቋጠሮውን ሰጠሁት። «ሂዱ» አለ።

እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ፍርሃት ለካ ልምምድ ኖሯል። ያ ሰው ቋጠሮውን ፈትቶ አንዷን ለማጉረስ እስኪሞክር ድረስ ነው ዕድሜያችን። ብንሮጥ ይጠረጥራል፤ ብንዘገይ ይደርስበታል። «ፍጠኑ፣ ግን አትሩጡ» እያልኩ ዳገቱን ተያያዝነው። እናትየዋ የበቅሎዋን ጭራ ጨብጠው፣ «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» ይሉኛል።

እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከታች «አንተ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ወዲያው የጠመንጃው ተኩስ። ጥይቱ ከራሳችን በላይ ያለውን ድንጋይ ፈለጠው። በቅሎዋ ደንብራ ቋጥኝ ላይ ተላተመች፤ ጆንያው ተተረተረና ገብሱ ቁልቁል ይወርድ ጀመር።

አሁን ደግሞ ከኋላዬ ያለውን ሰው ፈራሁ። ሁሉም የራበው ነው፤ ገብሱ እግሩ ሥር ነው፤ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ጎንበስ ጎንበስ አሉ። እናትየዋ ነጠላቸውን ገፈው ቀዳዳውን ወተፉት። የቀረው ከፊሉ ያፈሰውን ወደ ጆንያው መለሰ፣ ከፊሉ ወደ አፉ። ማንንም አልተቆጣሁም፤ ጊዜም አልነበረም። ሽፍታው ዳገቱ ከብዶት ነው መሰል አልተከተለንም፤ እየተጎተትን አፋፉ ላይ ወጣን።

ከገብሱ እኩሌታው ቤት ደረሰ። አማቼ ራሱ ወፍጮ ላይ ተደፋ፤ ሚስቴ ገንፎውን ትኩሱን በላች፤ ልጁም ጡት አገኘ። እኔ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ተቀመጥኩ። ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጀርባዬ ሳንቃውን ያንኳኳል፤ ሚስቴም «ማነው?» ትላለች።