በካሴት የተቆጠረ ሰባት ቤት

አክስቴ በሕይወቷ የምትፈራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ቀበሌና አታላይ። ቀበሌውን አፏን ዘግታ ትችለዋለች። አታላይን ግን ገና ሳይመጣ ነው መራገም የምትጀምረው። የእህቴ የጋብቻ ነገር የተነሣ ጊዜ ሁለቱም ፍርሃቶቿ በአንድ በር ገቡባት።

ያኔ ናዝሬት እንላት ነበር። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ እኔንና ታላቅ እህቴን ያሳደገችን ይህችው የአባቴ እህት ናት። እህቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ሠላሳ ልትደፍን ትንሽ ነው የቀራት። ወንድ ደግሞ የለም። ግማሹ ግንባር ነው፣ ግማሹ ከግንባር ተደብቋል፣ የተረፈው አግብቷል። ጎረቤቶቻችን «ቆማ ቀረች» ማለት ጀምረው ነበር። እሷ ስታልፍ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ጮክ ቢሉ ይሻል ነበር። እህቴ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ፀጉሯን ስሠራላት፣ «የራሴን ቤት ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምን ጠየቅኩ?» አለችኝ። 

ከጓሮ ባለችው ክፍል የአሰብ መስመር ሹፌር ይኖር ነበር። ማከራየት ስለተከለከለ ለቀበሌ ዘመዳችን ነው ብለናል። ይህ «ዘመዳችን» ነው አንድ ቀን ከአሰብ ሲመለስ ፎቶ ይዞ የመጣው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ መኪና የተደገፈ ሰው። የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፣ የግሪኮች መርከብ ላይ ምግብ ያበስላል፣ የአገሩን ልጅ ማግባት ይፈልጋል፣ ወደብ ላይ የሚሠራ ወዳጁ ነው ፎቶውን የሰጠኝ አለ። አክስቴ ፎቶውን ተቀብላ ሰውየውን ትታ መኪናውን አየች።

«መኪናው የማን ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ!»

«መኪና ያለው ሰው ውስጡ ቁጭ ብሎ ነው የሚነሣው። ለምንስ ራሱ አይመጣም?»

«መርከቡ አሰብ ሲቆም እሱ አይወርድም። ከወረደ ጠመንጃ አስይዘው ግንባር ነው የሚሰዱት።»

ይህን እንኳ ተቀበለችው። ለሌላው ሁሉ ግን መልስ ነበራት። ሮም ያለ ጎልማሳ ነው ተብላ ሄዳ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የልጁ አጎት ከዘራውን ተደግፎ «ሙሽራው እኔ ነኝ» ብሎ የተቀበላትን ልጅ ታውቃለች። ሙሽራ ነሽ ተብላ ዐረብ አገር ሄዳ የሰውየውን የመጀመሪያ ሚስት ልብስ ስታጥብ የኖረችውንም ታውቃለች። ሁሉንም እንደ ጎረቤት ነው የምታወራቸው፤ ስማቸው ማን ነው ስንላት ግን ይጠፋባታል። እህቴ ይህን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ፎቶውን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከታው ነበር።

አክስቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታስብ ከርማ ፍርዷን ሰጠች። «ፎቶ የማንም ነው። ደብዳቤም ሰው አስጽፎ ይልካል። በገዛ አንደበቱ፣ በካሴት፣ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ። የሰው ዘር የሚቆጥር አታላይ እዚያ ላይ መደናቀፉ አይቀርም።» ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት መውጣት የታወቀ ነው። እሷ ግን እንደ መታወቂያ ወረቀት ልትጠቀምበት ፈለገች። እኔ በሆዴ አደነቅኳት፤ ብልህ ሴት ናት።

ካሴቱ ከርሞ ከርሞ በሹፌሩ እጅ መጣ፣ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ። ጎረቤታችን የአብዮት ጥበቃ ስለነበረ መስኮቱን ዘግተን፣ የቴፑን ድምፅ ቀንሰን፣ ጭንቅላታችንን ገጥመን አዳመጥን። አቤት ድምፅ! ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ሲያስፈልገው ደግሞ ጤፍ የሚቆላ። ሰላምታውን ሰጠ፣ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ሰባተኛው ላይ ደርሶ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። ከዚያ ስለ መርከቡ አወራ። ማዕበል ሲነሣ ድስቱን በገመድ እንደሚያስሩት፣ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል እንደሚያሯሩጠው። በመጨረሻ «አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ» አለ፤ «ባሕር ላይ ዝናብ ሲዘንብ። ምን ሊያበቅል ነው? ይሄን ሁሉ ውሃ ነገሌ ባገኘው እላለሁ።»

አክስቴ ጭኗን መታች። «አንድ ጊዜ አልተደናቀፈም እኮ! ይሄ የሰው ልጅ ነው!»

እህቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ስትተኩስ ካሴቱን ትከፍታለች። የዝናቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ካውያውን ታቆማለች። እኔ «ኧረ ሸሚዙን አቃጠልሽው!» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ልቧ ሄዶ ነበር፣ መደበቅም አልቻለችበትም። ይሆናል ከተባለ በውክልና ይጋባሉ፤ ከዚያ የመውጫ ቪዛ ደጅ መጥናት ነው። እሷ ይህንንም ቀላል አድርጋ ታወራው ጀመር።

አክስቴ ግን የመጨረሻ ጣጣ ቀርቷታል። ነገሌ ሄዶ ቤተሰቡን ማየት። እናቱ በሕይወት አሉ ስለተባለ ካሴቱንም ይዘን እንሂድ አለች፣ ልጃቸውን ካዩ ስንት ዓመታቸው፣ ድምፁን ይስሙ። ሐሳቡ የደግነት ነበር። ሦስታችንም ቴፑን በነጠላ ጠቅልለን፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዝተን፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርገን ወረድን። ላንጋኖ ጋ ስንደርስ እህቴ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «ባሕር እንዲህ ነው?» አለች። «ይሄማ ሻይ ነው» አልኳት። አክስቴ ሁለታችንንም ዝም በሉ አለችን፤ ሰው ይሰማል።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። የልጁ አጎት ተጠርተው መጡ። አክስቴ ነገሩን በአክብሮት አዙራ አዙራ ሰባቱን አስቆጠረቻቸው። አንድ በአንድ ካሴቱ ላይ እንዳለው ሆነ። የእናትዬውን ማተብም ስንገባ ነው ያየችው። ፊቷ በራ፤ የቀረበላትን አረቄ እንኳ እምቢ አላለችም። እናትዬው ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ጭኮ አቀረቡልን፣ እህቴን አገላብጠው ሳሟት፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» እያሉ ከጎናቸው አስቀመጧት።

«የልጅዎን ድምፅ ይዘንልዎ መጥተናል» አለች አክስቴ።

እሳቸው ብድግ አሉ። ወጥተው እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱና ቴፑ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ። እህቴ ካሴቱን አስጀመረችው። ያ የምናውቀው ድምፅ ሰላምታ ሰጠ፣ ሰባቱን ቆጠረ፣ ድስቱና ሽንኩርቱ ላይ ደረሰ። እናትዬው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ትንሽ ቆይተው ወደ እህቴ ዞሩ።

«የእኔ ልጅ መቼ ነው የሚናገረው?»

«እሱ እኮ ነው፣ እማማ» አለች እህቴ።

«የቱ?»

እህቴ ወደ ቴፑ ጠቆመች። እሳቸው ጆሯቸውን ቴፑ ላይ ለጠፉ፣ ከዚያ ቀና አሉ። «ኩን ኢልማ ኮ ሚቲ» አሉ። እኛም ቤት ኦሮምኛ ይነገራል፤ ይሄ ልጄ አይደለም ነው ያሉት። ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። የአባቱን ስም ለመጥራት ሰው ውሃ ቀድቶ የሚመለስበትን ያህል ይቆያል። ፎቶውን ሲያዩ ሳሙት፤ እሱ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። «ታዲያ በእሱ ፎቶ፣ በአባቶቹ ስም የሚያወራው ማን ነው? ልጄን ምን አደረጉት?» ይሉ ጀመር። ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ሠርግ ብለን ሄደን ሰው ቤት መርዶ አስገባን። አጎትዬው ናቸው በኋላ «እሱ ራሱ ይናገር፣ እስከዚያ አታልቅሺ» ብለው የገሠጿቸው።

አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ አላቆመችም። ገድለውት ነው፣ ስሙን ወስደው ነው፣ ልጅቷን ሊሸጧት ነው። እህቴ ቦርሳዋን አቅፋ መንገዱን ታያለች። አንጀቴን በላችው። ሞጆ ስንደርስ ቀስ ብላ «የዝናቡን ነገር ያለው ማን ነው?» አለችኝ። ሌላው ሁሉ ያን ያህል አላስጨነቃትም መሰለኝ።

በሹፌሩ በኩል መልእክት ተላከ፤ አክስቴ ናት ቃል በቃል ያስጠናችው። «በራሱ ምላስ ይናገር። አለዚያ የምንድራት ልጅ የለችንም፣ ፎቶም አላየንም በለው።» መልሱ እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ። እህቴ ልብሱን ያለ ካሴት ትተኩሳለች። ጎረቤቶች እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቋት «ምኑ?» ትላለች።

ሁለተኛው ካሴት ሲመጣ መጀመሪያ የተበላሸ መሰለን። የባዶ ካሴት ሹሹታ ብቻ ነው። ከዚያ የሰው ትንፋሽ፣ ከዚያ «እ… እ… እኔ»፣ ከዚያ ደግሞ ሹሹታ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ የልጅ የሚመስል። የተናገረውን እኔ አሁን በአንድ ትንፋሽ ልበለው፤ እሱ ግን የካሴቱን አንድ ገጽ ጨርሶበታል። ቁጠር ስትሉኝ ፈራሁ፤ የአባቴ ስም ላይ ነው የምቆመው፣ አታላይ ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። አብሮኝ ለሚሠራ የጎጃም ልጅ የምለውን ሁሉ ቀስ እያልኩ ነገርኩት፣ እሱ ተናገረልኝ። ቃሉ የእኔ ነው፣ ምላሱ የእሱ ነው። እናቴን ስላስለቀስኩ ይቅርታ፤ አባቴን ግን አሁን ራሴ እጠራለሁ።

አክስቴ ቴፑን አጥፍታ ተነሥታ ቆመች። «ዛሬ ምላስ የተዋሰ ነገ ምን ሊዋስ ነው?»

«አንቺ አይደለሽ ቁጠር ያልሽው!» አልኳት። ተቆጣች፣ ወጣች። እውነቴን ነበር፤ አታላይ የምታጠምድበት ወጥመድ የያዘው አንድ ዓይን አፋር ወጥ ሠሪ ነው።

እህቴ ግን ደስ አላላትም። ይሄን አልጠበቅኩም። አታላይ አይደለም፣ ሕያው ነው፣ ከጨዋ ቤት ነው፣ ታዲያ ምን ሆነሽ ብላት አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ሰውየው ደህና ሰው ነው» አለች፤ «እኔ የወደድኩት ግን ያንን ድምፅ ነው። ምን ላድርግ? ያኛው ደግሞ የማላውቀው ሰው ነው።» አለቀሰችም። ከእህቴ ጋር በዚህ ዓለም ላይ ብዙ ነገር ተከራክሬአለሁ፣ ያን ቀን ግን አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ቢሆንም እህቴ እናትዬው ልጃቸው ይኑር ይሙት ሳያውቁ እንዲሰነብቱ አልፈለገችም። እሺም እምቢም ሳትል ቅዳሜ እኔን አስከትላ ነገሌ ወረደች። እናትዬው እንደ ቀድሞው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ሹሹታው ሲጀምር እኛ ተቁነጠነጥን፤ እሳቸው ግን ያቺ የመጀመሪያዋ «እ» ከመውጣቷ በፊት፣ በትንፋሹ ብቻ፣ ፊታቸው በራ። «መጣ!» አሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ቃል በከንፈራቸው ይዘው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እስክትወለድ ይጠብቃሉ። እሱ የአባቱ ስም ላይ ደርሶ ቆመ። ቆየ። እህቴ መታገሥ አቃታት።

«ለምን አይሉለትም፣ እማማ?»

«ለምን እቀማዋለሁ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴፑ ሳያነሡ። «የራሱ ነው፣ ይለዋል።»

አለውም። ከዚያ የካሴቱ መጨረሻ ላይ፣ እኛ ቤት ሳለን አክስቴ በቁጣ ስላጠፋችው ያልሰማነው ነገር ነበር። «ዛ… ዛሬም ዘነበ» አለ። «ባ… ባሕሩ ላይ። በ… በከንቱ።» እናትዬው ከት ብለው ሳቁ፤ አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ዝናብ ሲባክን አይወድም አሉ። እህቴ አልሳቀችም። ካሴቱን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ማታ ልብስ ሊተኮስ ወጣ፣ ካውያው ተጣደ፣ ካሴቱም ገባ። የመጀመሪያው ካሴት መስሎኝ ነበር፤ ሹሹታውን ስሰማ ነው ያወቅኩት። የአባቱ ስም ላይ ደርሶ ቆመ። ድምፅ የለም፣ የካሴቱ ሪል ብቻ ይዞራል። እኔ ሥራ አለብኝ፣ አላስችል አለኝ፣ ወደፊት ላሳልፈው እጄን ዘረጋሁ። እህቴ ካውያውን አስቀምጣ እጄን ያዘችው።

«ተይው» አለች፤ «እያወራ እኮ ነው።»