ሕልሙን ያየው እሱ ነው

ዛሬ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ሳራግፍ የመዘምራን ቀሚሴ ከታች ወጣ። ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ እጅጌው ላይ የጧፍ ጠብታ እንደ ደረቀ አለ። በጥፍሬ ልፍቀው ብዬ ተውኩት፤ አሁንም ሰም ሰም ይሸታል። አንቺ የእህቴ ልጅ፣ ስለ ዲያቆኑ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሻል፤ በይ ስሚ።

ያኔ ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ እናቴ አስተማሪ፣ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ዲያቆኑ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ከበሮ መቺ ነበር። ከበሮውን አንግቶ ሲነሣ መዝሙሩን ትቼ እሱን አይ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ወድጄው ነበር።

አንድ እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር አስቆመኝ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ የድንጋዩ አጥር ግን ገና ይሞቃል።

«በሕልሜ አየሁሽ» አለኝ። «ነጭ ለብሰሽ በቀኜ ቆመሻል።»

«ነጭማ እሑድ እሑድ እለብሳለሁ» አልኩት።

አልሣቀም። ቅስና ሊቀበል ነው፤ ዲያቆን ደግሞ ካላገባ አይቀስስም። ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ ስለሌለ ከቅበላ በፊት እሺ እንድለው ፈለገ።

በማግስቱ ሕልሙን ያልሰማ አልነበረም። እናቴ እልል ለማለት ጥቂት ነው የቀራት። ልቤማ ሳይጠየቅ እሺ ብሎ ቁጭ ብሏል! ትምህርቴ እንዴት እንደሚሆን፣ የት እንደምንኖር ግን ያነሣ ሰው የለም። እስከ ፋሲካ ላስብበት፣ ልጸልይበት ስል መዘምራኑን የምትመራው ሴትዮ ተቆጣች።

«እግዚአብሔር የተናገረውን ትመረምሪያለሽ እንዴ፣ ጓለይ፣ ልጄ?»

«እሱ መናገሩን ነው የምመረምረው» አልኳት። «የኔ ልብና እግዚአብሔር አንድ አይደሉም።»

ትዕቢተኛ ተባልኩ። ይበሉ! እምነት ዐይን ጨፍኖ መሮጥ ከሆነ አእምሮውን ለምን ሰጠን? ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምላቸው።

ዲያቆኑን እዚያው ወይራ ሥር ጠበቅሁት። «በሕልምህ እኔ ምን አልኩህ?»

ውሸት አያውቅበትም። «ምንም። ዝም ብለሽ ነበር።»

«እንግዲያው ያየኸው ሌላ ሴት ነው። እኔ ዝም አልልም። ከፈለግኸኝ እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ።»

አልጠበቀም። በቅበላ ሰሞን ከመዘምራኑ አንዷን አገባ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ፣ ጧፍ ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘመርኩለት። እጅጌዬ ላይ የፈሰሰው ያን ቀን ነው።

እስከ ፋሲካ አስባለሁ ብዬ የለ? ቃሌን አላጠፍኩም። እሱ ቀስሶ መስቀል ሲያሳልም እያየሁ፣ ጾሙን ሙሉ አሰብኩ፣ ጸለይኩ፣ ትምህርቴንም እሱንም መዘንኩ። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስም ጠብቀኝ ነው የምለው።

በፋሲካ መልሴን አገኘሁት። እሺ ነበር።