በፋሲካ ያልፈታሁት

ጴንጤ ሆነሃል ይሉኛል። አልሆንኩም። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እናቴ ናት ያሰረችልኝ፤ ይዤው እቀበራለሁ። የተውኩት ሲጋራና ቢራ ብቻ ነው። ቡራዩ ውስጥ ግን ከሁለቱ የራቀ ግንበኛ ሃይማኖቱን ቀየረ ተብሎ ይወራበታል። በዚያ ላይ ባለቤቴ ከሆሳዕና ከተማ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ወሬኛ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ካቻምና ብሎኬት ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ሳንባዬን አዳምጦ፣ “ሲጋራውን ካላቆምክ ፎቅ ላይ መሥራትን እርሳው” አለኝ። ፎቅ ካልወጣሁ ምን ልሠራ ነው? ሌላ ሙያ የለኝም። ፈራሁ።

አምና ሁዳዴ ሲገባ ሁለቱንም ተውኩ። በሁዳዴ መጠጥ የሚተው ብዙ ስለሆነ ማንም አይለክፍህም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ያለ ችግር ጨረስኩና ልቤ አበጠ። የፋሲካ ዕለት፣ “ጠላትህ ሲጋራው ነው፤ ቢራው ምን አደረገህ?” ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከዶሮው በኋላ ጎረቤት ሄጄ አንድ ቢራ ከፈትኩ። ገና ሳላጋምሰው እጄ ባዶ ኪሴን ይዳብሳል። ሁለተኛው ላይ ሲጋራ ለምኜ አጨስኩ። ጭሱ ጉሮሮዬን አደረቀው፤ ስካሩንም የሚያበርድልኝ መሰለኝና ሦስተኛ፣ አራተኛ ቢራ አስከተልኩ። በሳምንቱ ፓኮው ኪሴ ተመለሰ፤ ሳሉም አብሮት።

በራሴ በጣም ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬ ከያዝኳቸው ሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ ልተው ማለቴ ጅልነት ነበር።

ዘንድሮም በሁዳዴ ሁለቱን ተውኩ። ፋሲካ ደረሰ፤ ያው ጎረቤት ቤት ተሰበሰብን። ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ጠርሙስ ከፍተው ፊቴ አስቀመጡና ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ጋበዙኝ።

“ዱጊ! ጠጣ እንጂ፣ ፋሲካ እኮ ነው።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ፣ አልጠጣም።”

አብሮኝ የሚሠራ ግንበኛ ሲጋራውን በከንፈሩ እንደያዘ፣ “በቃ ሚስትህ አጠመቀችህ!” አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፊቴ ጋለ። ጠርሙሱን ወደሱ ገፋሁለት።

“ሥራ ስንገባ ብሎኬት ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ እንወጣለን። ማን ሳይቀመጥ እንደሚደርስ ያኔ እናያለን” አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ሳል ቀደመው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አፌን አሸተተችና “ሃሌሉያ!” አለች።

“አንቺ ደግሞ ተይኝ!” አልኳት። ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ለቸርቿም ብዬ አይደለም። ለትንፋሼ ነው።

ሥጋውንም ቅቤውንም በልቻለሁ። ፋሲካም ካለፈ ወራት ሆነው። ቢራና ሲጋራ ላይ ግን ማንም ምን ቢለኝ፣ እኔ ገና ሁዳዴ ላይ ነኝ።